የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሞት ቅጣትን የሚቃወሙ አዲስ ተሟጋቾች ምን ይማሩ?

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያነሡት አንድ ጉዳይ ነው፤ የሞት ቅጣት ከሕግ እንዲወጣ የሚቀሰቅሱ አዲስ ተሟጋቾች እንዴት ሊሠለጥኑ እንደሚገባ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ እኔ የሰብዓዊ መብት በጎ ፈቃደኞችን የሚያስተባብር አነስተኛ ማኅበር አባል ነኝ። የሞት ቅጣት እንዲቀር ለመቀስቀስ ለተመዘገቡ ወጣቶች የሁለት ቀን ሥልጠና እያዘጋጀን ነው። የመጀመሪያው ቀን ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችና ስለ ቅጣቱ ታሪክ ገለጻ የሚሰጥበት እንዲሆን አስበናል። የተገደሉ ሰዎችን ቤተሰቦች የሚመለከተው ርዕስ ከባድና ስሜት የሚነካ ስለሆነ ለሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አቆይተነዋል። በቅደም ተከተሉ ላይ ምን ይላሉ? (አስተባባሪ)

መልስ፦ ቅደም ተከተሉን እንዲገለብጡት እመክራለሁ። የሟች ቤተሰብ ጉዳይ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ርዕስ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

አዲስ ተሟጋች ከሥልጠናው ወጥቶ ከሰው ጋር መነጋገር ሲጀምር ቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ ስለ ቃል ኪዳን አንቀጽ አይደለም። «እናትህን ቢገድሉብህስ እንዲህ ትላለህ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በሥልጠናው ማብቂያ ላይ፣ ሁሉም ደክሞት መሄጃውን በሚያስብበት ሰዓት የሰማ ሠልጣኝ እንደ ወጥመድ ይቆጥረዋል፤ የማምለጫ መልስም ይሸመድድለታል። ጠያቂው ግን ብዙውን ጊዜ ወጥመድ አላጠመደም። ስለ ፍትሕ ከልቡ የሚያምነውን እየተናገረ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በእርግጥ ሰው የተገደለበት ይሆናል። ይህን አስቀድሞ የተገነዘበ ሠልጣኝ የቀረውን ትምህርት ሁሉ፣ ሕጉንም ታሪኩንም፣ ከዚያ ሐዘን ጋር እያገናዘበ ይማረዋል።

በተግባር ደግሞ እንዲህ ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ለሠልጣኞቹ ለሕዝብ ይፋ የሆነ የአንድ የግድያ ክስ ውሳኔ ሙሉውን፣ የወንጀሉን ዝርዝር ሳትቀንሱ፣ እንዲያነቡ ስጧቸው። አንብበው ሲጨርሱ የተከሳሹንና የሟቹን ስም ጠይቋቸው። የብዙዎቻችን ድክመት እዚህ ላይ ይገለጣል፤ ለፍርደኛው ስንሟገት የሟቹን ስም ሳንይዝ እንቀራለን፤ የሟቹ ወላጆች ግን ይህን ወዲያውኑ ያስተውላሉ። ስለ አንድ ጉዳይ የሚናገር ተሟጋች ሁለቱንም ስሞች የማወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህ የማኅበራችሁ ደንብ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከዚያ በኋላ ሠልጣኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው የሚና ልምምድ ያድርጉ። አንዱ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ይሁን፤ ሌላው ተሟጋቹ። ለተሟጋቹ የሚሰጠው መመሪያ አንድ ብቻ ነው፦ መከራከር አይቻልም፤ የሚፈቀደው መስማትና የተጠየቁትን መመለስ ነው። በዚህ ልምምድ ላይ ሁለት አባባሎችን ብትከለክሉ መልካም ነው። አንደኛው «ስሜትዎ ይገባኛል» የሚለው ነው፤ ሰው ያልተገደለበት ወጣት ሰው የተገደለባትን እናት ስሜት ሊገባው አይችልምና። ሁለተኛው «ይቅር ቢሉ ይሻልዎታል» የሚለው ነው። ይቅርታ የሐዘንተኛው የራሱ ነው፤ ማንም ከእርሱ ሊጠይቀው አይገባም። የሞት ቅጣትን መቃወምም ገዳይን ይቅር ማለትን አይጠይቅም። የተቃውሟችን ጭብጥ መንግሥት እስረኛን የመግደል ሥልጣን ሊኖረው አይገባም የሚል ነው፤ ሐዘንተኛው በልቡ ምን ሊሰማው እንደሚገባ የሚወስን አንዳች ነገር በውስጡ የለም።

ልምምዱ ካለቀ በኋላ የሟች ቤተሰቦች ከፍትሕ ሥርዓቱ ምን እንደሚሹ ተወያዩ። ምርመራው የደረሰበትን ማወቅ፣ ከዛቻ መጠበቅ፣ ካሣ ማግኘት፣ እውነቱ በአደባባይ ሲነገር መስማት፣ ጉዳዩም አንድ ቀን ማለቁን ማየት ይፈልጋሉ። የሞት ፍርድ ባለበት ጉዳይ ይግባኙና የይቅርታ ማመልከቻው ለረጅም ዓመታት ስለሚጓተት ቤተሰቡ በየጊዜው ቁስሉ ይቀሰቀስበታል። ስለዚህ የሞት ቅጣት ይቅር የሚል ማኅበር ለእነዚህ ቤተሰቦች ድጋፍ እንዲደረግም በተመሳሳይ ድምፅ መጠየቅ አለበት። ይህን የማይጠይቅ ዘመቻ ጎደሎ ነው፤ ሰዎችም ጎደሎነቱን ሲነግሩን እውነት አላቸው።

ሠልጣኞቻችሁ የበድ ዌልችን ታሪክ ቢያውቁት ጥሩ ነው። በ1995 በአሜሪካ ኦክላሆማ ሲቲ በደረሰው የቦምብ ፍንዳታ 168 ሰዎች ሲያልቁ ልጁ ጁሊ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። ዌልች መጀመሪያ ላይ ገዳዩ እንዲሞት አጥብቆ ይፈልግ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አቋሙን ለውጦ የሞት ቅጣቱን በአደባባይ ተቃወመ፤ የገዳዩን የጢሞቲ ማክቬይን አባትም ሄዶ አነጋገረ። ማክቬይ በ2001 ተገደለ። ከዚህ ታሪክ ጋር ግን አብሮ መነገር ያለበት ማስጠንቀቂያ አለ። የዌልችን ስም ጠርታችሁ የልጇ ገዳይ እንዲሞት የምትሻን እናት ዝም ለማሰኘት እንዳትሞክሩ። ከዚያው ፍንዳታ ሐዘንተኞች መካከል ቅጣቱ እንዲፈጸም የፈለጉ ነበሩ፤ ሐዘናቸውም ከዌልች ሐዘን አያንስም።

ከአንድ ሰው ሐዘን አልፎ የአገር ሐዘን ሲመጣስ የሚል ሠልጣኝ ካለ የሩዋንዳን ጉዳይ አንሡ። ሩዋንዳ ከ1994ቱ የዘር ማጥፋት በኋላ በ1998 በጥፋቱ የተፈረደባቸውን ሰዎች በአደባባይ ረሽናለች። በ2007 ግን የሞት ቅጣትን ከሕጓ አውጥታለች። ለውሳኔው ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በውጭ አገር የነበሩ ተጠርጣሪዎችን የያዙ መንግሥታትና ዓለም አቀፉ የሩዋንዳ የወንጀል ችሎት የሞት ቅጣት ወደሚጠብቅበት ችሎት ሰው አሳልፈው የማይሰጡ መሆናቸው ነበር። እነዚያን ሰዎች በአገሯ ለመዳኘት መንገዱ ቅጣቱን ማስቀረት ሆነ።

ስለ ስምምነቶቹ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማስተማር ትችላላችሁ፤ ሁለት ሰዓት ይበቃል። የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አንቀጽ 6 ለምን «እጅግ ከባድ ወንጀሎች» እንደሚል፣ ወንጀሉ ሲፈጸም 18 ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎችና ነፍሰ ጡሮችን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ለማንኛውም የሞት ፍርደኛ ይቅርታ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጥ ይወቁ። ቅጣቱን ለማስቀረት በ1989 የጸደቀውን ሁለተኛውን አማራጭ ፕሮቶኮል (የቃል ኪዳኑን ተጨማሪ ስምምነት)፣ አገራቸው ፈርማው እንደሆነም ይወቁ። የተረፈውን ሲያስፈልጋቸው ያነቡታል።

ጥያቄ፦ ከሠልጣኞቻችን አንዱ በውይይት መካከል «እኔ ራሴ ሕፃናትን ለሚገድል ሰው ሞት ይገባዋል ብዬ ነው የማስበው» አለ። አንዳንድ አባላት ሥልጠናውን እንዲተው ጠየቁ። እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር? (የማኅበር ጸሐፊ)

መልስ፦ አመስግኜው እንዲቀመጥ አደርግ ነበር። የብዙ ሰው ስሜት የእርሱ ስሜት ነው፤ በአደባባይ የሚገጥማችሁን ክርክር በክፍል ውስጥ በወዳጅነት ያቀረበላችሁ እርሱ ነው። ጊዜ ስጡት፤ ከሰነዶቹ ጋር ይሥራ፤ የፍርድ ቤት መዝገቦችን ያንብብ። አቋሙን እስኪወስን ድረስ በማኅበሩ ስም እንዳይናገር ብቻ ተስማሙ። ሥልጠና የሚያስፈልገው አስቀድሞ ለተስማማ ሰው ብቻ ነው ካልን እርስ በርሳችን ከመነጋገር አናልፍም።

ጥያቄ፦ ወጣቶቻችን በአንድ ስብሰባ ላይ «የሞት ቅጣት ወንጀልን እንደማይቀንስ በሳይንስ ተረጋግጧል» ብለው ሲናገሩ አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር «የትኛው ጥናት?» ብለው ጠየቋቸው፤ መልስ አልነበራቸውም። በሥልጠና ላይ የትኞቹን ማስረጃዎች ብናስይዛቸው ይበጃል? (አሠልጣኝ)

መልስ፦ መምህሩ ማኅበራችሁን ጠቅመውታል። ዓረፍተ ነገሩ ማስረጃው ከሚፈቅደው አልፎ ሄዷል። በአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት የተሰየመ የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2012 ባወጣው ዘገባ የደረሰበት ድምዳሜ የሚከተለው ነው፦ እስከዚያ ጊዜ የተሠሩት ጥናቶች የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንስ፣ ይጨምር ወይም ምንም ለውጥ አያምጣ ለማወቅ የሚያስችሉ አይደሉም፤ ስለዚህም የፖሊሲ መሠረት ሊሆኑ አይገባም። ሠልጣኞቻችሁ መናገር ያለባቸው ይህንኑ ነው፦ የሞት ቅጣት ከረጅም እስራት የበለጠ እንደሚያስፈራ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ሰውን መግደል የሚፈልግ ሕግ ካለ የማስረዳት ሸክሙ የሕጉ ደጋፊዎች ነው፤ ያንን ሸክም ደግሞ እስካሁን አልተወጡትም። ይህ አነጋገር ከቀድሞው ለዘብ ያለ ቢመስልም ማንም አያፈርሰውም።

ካናዳንም በጥንቃቄ መጥቀስ ይቻላል። ካናዳ ቅጣቱን ያስቀረችው በ1976 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከ100 ሺህ ሰዎች 3 ገደማ በግድያ ይሞቱ ነበር፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ቁጥሩ ከ2 በታች ወርዷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቅጣቱ ሲቀር ግድያ እንደ ጎርፍ ይመጣል የሚለው ስጋት በካናዳ አለመድረሱ ነው። «ቅጣቱ ስለቀረ ግድያ ቀነሰ» የሚል ሠልጣኝ ካለ ግን አርሙት፤ ለግድያ መቀነስ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ይኖራሉ።

እኔ ግን በማስፈራራት ክርክር ላይ ብዙ ሰዓት ባታጠፉ እመርጣለሁ። ሰውን በእውነት የሚያስቆመውና የሚያሳስበው የስሕተት ጉዳይ ነው። በሥልጠናው ላይ ሁለት ጉዳዮችን ከሥር መሠረታቸው ብታጠኑ ሃያ ጉዳዮችን በስም ብቻ ከመዘርዘር ይሻላል።

የመጀመሪያው የእንግሊዙ የጢሞቲ ኢቫንስ ጉዳይ ነው። ኢቫንስ ሕፃን ልጁን ገድሏል ተብሎ በ1950 ተሰቀለ። በችሎቱ ላይ ለዐቃቤ ሕግ ከመሰከሩት አንዱ በዚያው ቤት ይኖር የነበረው ጆን ክሪስቲ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ክሪስቲ ራሱ ብዙ ሴቶችን የገደለ ሰው መሆኑ ታወቀ፤ የኢቫንስን ሚስት መግደሉንም አመነ። ኢቫንስ በ1966 ከሞተ በኋላ ይቅርታ ተደረገለት። ሠልጣኞቹን «ይህን ስሕተት ማን፣ በየትኛው ደረጃ ሊያቆመው ይችል ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ፖሊሱን፣ ምስክሩን፣ የእምነት ቃሉን፣ ይግባኙን አንድ በአንድ ይመርምሩ። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ስሕተት የአንድ ክፉ ዳኛ ሥራ እንዳልሆነ ይረዳል፤ እያንዳንዱ ሰው ሥራውን የሠራ እየመሰለው ንጹሕ ሰው እስከ ገመዱ ሊደርስ ይችላል።

ሁለተኛው የጃፓኑ የኢዋዎ ሐካማዳ ጉዳይ ነው። የቀድሞው ቦክሰኛ ሐካማዳ አራት የአንድ ቤተሰብ አባላትን ገድለሃል ተብሎ በ1966 ተያዘ፤ ከረጅምና ከባድ ምርመራ በኋላ የእምነት ቃል ሰጠ፤ በ1968 ሞት ተፈረደበት። ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ተወስኖ ከእስር የወጣው በ2014 ነው፤ ነጻ የተባለው በሴፕቴምበር 2024፣ በ88 ዓመቱ። ፍርድ ቤቱ በእርሱ ላይ የቀረበው ማስረጃ በመርማሪዎች የተፈበረከ እንደነበር ተናግሯል። በጃፓን የሞት ፍርደኛ የሚገደልበትን ቀን የሚያውቀው በዚያው ዕለት ጠዋት ስለሆነ ሐካማዳ ለአሥርት ዓመታት እያንዳንዱን ማለዳ በዚያ ፍርሃት አሳልፏል፤ የአእምሮ ጤናውም ክፉኛ ተጎድቷል። እኅቱ ሂዴኮ ግን ያን ሁሉ ዘመን ስትሟገትለት ኖራ የነጻነቱን ፍርድ በችሎት ተገኝታ ስለ እርሱ ሰማች።

በአሜሪካም ከ1973 ወዲህ 200 ያህል የሞት ፍርደኞች ኋላ ከክሱ ነጻ ሆነዋል። ይህን ቁጥር የሚጠቅስ ሠልጣኝ «ነጻ ሆነዋል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ አብሮ ማስረዳት አለበት፤ ፍርዳቸው ተሽሮ ክሱ የተዘጋላቸው ወይም በዳግም ችሎት በነጻ የተሰናበቱ ሰዎች ናቸው እንጂ ቅጣት የተቀነሰላቸው አይደሉም።

ጥያቄ፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። የሕዝብ አስተያየት መጠይቆች በብዙ አገሮች አብዛኛው ሰው የሞት ቅጣትን እንደሚደግፍ ያሳያሉ። ታዲያ ቅጣቱ እንዲቀር መቀስቀስ የሕዝብን ፈቃድ መቃወም አይሆንም? አዲስ ተሟጋቾችስ ለዚህ ምን ይመልሱ? (የሕግ ተማሪ)

መልስ፦ መቀስቀስ ራሱ የሕዝብን ፈቃድ ማክበር ነው፤ ሰውን ለማሳመን የሚነሣ ሰው የሰውን ፈራጅነት ተቀብሏልና። ጥያቄዎ የሚከብደው ሕዝቡ ገና ሳያምን ፓርላማ ወይም ፍርድ ቤት ሲወስን ነው። ይህ ደግሞ በተደጋጋሚ ሆኗል። ፈረንሳይ በ1981 ቅጣቱን ስታስቀር የፍትሕ ሚኒስትሩ ሮቤር ባዳንቴር ለፓርላማው የተከራከሩት አብዛኛው ሕዝብ ቅጣቱን በሚደግፍበት ጊዜ ነበር። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ፍራንስዋ ሚቴራን ቅጣቱን እንደሚቃወሙ ከምርጫው በፊት በግልጽ ተናግረው ተመርጠዋል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ በጁን 1995 ቅጣቱን ሲሽር የችሎቱ ፕሬዚዳንት አርተር ቻስካልሰን ይህንኑ ክርክር መርምረው፣ የሕዝብ አስተያየት ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ቢኖረውም ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ግዴታን ሊተካ እንደማይችል አስረድተዋል። የብዙኃን ጥላቻ ያረፈባቸውን ሰዎች መብት የሚጠብቅ ሕግ ባይኖር መብት የሚባለው ነገር ለተወደዱ ሰዎች ብቻ ይቀር ነበር።

ተሟጋቾቹ የመጠይቆቹን አጠያየቅም ሊያጠኑ ይገባል። የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ድርጅት ጋለፕ በ2019 አሜሪካውያንን ለነፍሰ ገዳይ የሞት ቅጣትን ይደግፉ እንደሆነ ሲጠይቅ 56 በመቶ ደግፈዋል፤ በዚያው ዓመት ከሞት ቅጣትና ያለ አመክሮ ከዕድሜ ልክ እስራት አንዱን እንዲመርጡ ሲጠይቅ ግን 60 በመቶዎቹ እስራቱን መርጠዋል። ብዙ ሰው የሚፈልገው ገዳዩ ተመልሶ እንዳይገድልና ጥፋቱ እንዲታወቅበት ነው። ተሟጋቹም «ታዲያ ይፈታ ነው የምትሉት?» ሲባል አማራጩን በግልጽ መናገር መቻል አለበት፤ እዚህ ላይ የሚያመነታ ሰው የሰሚውን እምነት ያጣል።

እርስዎ የሕግ ተማሪ ስለሆኑ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ ተሟጋቾች ብዙውን ጊዜ ግባቸውን ሙሉ በሙሉ ማስቀረት ብቻ አድርገው ያያሉ፤ በመካከል ያሉትን በሮች አያዩም። የዩጋንዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ሱዛን ኪጉላና ሌሎች ከ400 በላይ የሞት ፍርደኞች ባቀረቡት አቤቱታ ላይ ሲወስን የሞት ቅጣትን ራሱን አልሻረም። ዳኛው ሌላ ምርጫ ሳይኖረው ሞት እንዲፈርድ የሚያስገድደውን ድንጋጌ ግን ሽሮታል፤ ፍርዱ ከጸና በኋላ ከሦስት ዓመት በላይ ሳይፈጸምባቸው የቆዩትም ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲለወጥ ወስኗል። ኪጉላ በእስር ቤት ሕግ አጥንታ በ2016 ወጥታለች። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2017 አስገዳጁን የሞት ቅጣት ለግድያ ወንጀል ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ብሎታል፤ ማሌዥያ በ2023 ተመሳሳይ ለውጥ በሕግ አድርጋለች። በእያንዳንዱ እንዲህ ያለ እርምጃ የሰው ሕይወት ተርፏል። ዚምባቡዌ በ2024 መጨረሻ ቅጣቱን ያስቀረው ሕጓ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ሊመለስ የሚችልበትን ቀዳዳ ትቷል፤ በድሉ መደሰት ተገቢ ነው፤ ቀዳዳውንም በስሙ መጥራት የተሟጋች ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አባላቶቻችን አንዷ የአንድ የሞት ፍርደኛን ታሪክ ከዘመድ ሰምታ ከነፎቶግራፉ በማኅበራዊ ሚዲያ ልታወጣ ነው። ጊዜ የለም ትላለች። እኔ ሰጋሁ፤ ግን ምክንያቴን በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። (የሰጋ አባል)

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክል ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና። ታሪኩ የፍርደኛው ነው። እርሱ ሳይፈቅድ፣ ጠበቃውም ሳያውቅ መውጣት የለበትም። ይግባኝ ወይም የይቅርታ ማመልከቻ እየታየ ከሆነ በአደባባይ የተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር በችሎት የእርሱ ቃል ሆኖ ሊቀርብበት ይችላል። ይቅርታ የመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው በአደባባይ የተገፋ መስሎት እልህ ሊይዘው ይችላል፤ ጠበቃውም በጸጥታ የጀመረው ንግግር ካለ ይበላሻል። የፍርደኛው ልጆችና ወላጆች በሰፈራቸው ይታወቃሉ፤ ጥቃት ሊደርስባቸው ይችላል። የሟች ቤተሰብም ያንን ፎቶግራፍ ያያል።

ስለዚህ በሥልጠናችሁ ውስጥ ይህ ደንብ በጽሑፍ ይግባ፦ የፍርደኛው ፈቃድ በጠበቃው ወይም በቤተሰቡ በኩል ይረጋገጥ፤ ፈቃዱን በማንኛውም ጊዜ መመለስ እንደሚችል ይነገረው፤ ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት ጠበቃው ያንብበው። «ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ማስረጃው በእጃችሁ ካልሆነ በስተቀር አይጻፍ። ጥፋተኛ ለሆነ ሰውም ቢሆን እንዳይገደል መሟገት እንችላለን፤ ለሁሉም ፍርደኛ ንጹሕ ነው የሚል ማኅበር በእርግጥ ንጹሕ የሆነው ሰው ሲመጣ የሚያምነው አያገኝም።

አባሏ የምትለው የጊዜ ጥበት እውነት ከሆነና ጠበቃው ከተስማማ ከሁሉ የሚሻለው ደብዳቤ ነው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የአስቸኳይ ጥሪ ደብዳቤዎችን ከ1973 ጀምሮ ሲጠቀምባቸው ቆይቷል። በሥልጠናው ላይ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ይቅርታ ለመስጠት ሥልጣን ላለው ባለሥልጣን የአንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጽፍ አድርጉ። በመጀመሪያ ሥልጣኑ በሕግ የማን እንደሆነ ይፈልግ፤ ርዕሰ ብሔሩ፣ የይቅርታ ቦርድ ወይም ሌላ አካል ሊሆን ይችላል። ደብዳቤው ባለሥልጣኑን በማዕረጉ ይጥራ፤ አይሳደብ፤ አያስፈራራ፤ የሟችን ቤተሰብ ሐዘን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያንሣ፤ የሚጠየቀው ነገር አንድና ግልጽ ይሁን። ይህን በደንብ መጻፍ ብዙዎች ከሚያስቡት በላይ ከባድ ነው፤ ለእርማት በቂ ጊዜ መድቡለት።

ጥያቄ፦ ሰዎች ቅዱሳት መጻሕፍትን ጠቅሰው ሲከራከሩን ምን እንበል? (ሠልጣኝ)

መልስ፦ ከሰው እምነት ጋር ጠብ አትግጠሙ። ነፍስ ስለ ነፍስ የሚለውን የሚጠቅስላችሁ ሰው ያነበበውን ነው የሚናገረው፤ በአክብሮት ስሙት። በዚያው የኦሪት መጽሐፍ ለቃየን እንዳይገደል ምልክት እንደተደረገለት፣ ቁርዓንም ቂሷስን (በደሉን የሚመጥን አጸፋዊ ቅጣትን) በሚደነግግበት ስፍራ የሟች ወገን ይቅር እንዲል በር እንደከፈተ፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2018 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቅጣቱን ተቀባይነት የሌለው ብሎ እንዲጻፍ እንዳደረጉ ማወቅ ይጠቅማል። ትርጓሜ ውስጥ ግን አትግቡ። ከየሃይማኖቱ ሊቃውንት መካከል በጉዳዩ የሚስማሙ ካሉ እነርሱ እንዲናገሩ ጋብዙ።

ጥያቄ፦ ለወራት የተሟገትንለት ሰው ፍርዱ ተፈጸመበት። አዲሶቹ አባላት ክፉኛ አዘኑ፤ ሁለቱ ለቀው ሄዱ። ሥልጠና ሰውን ለዚህ ሊያዘጋጅ ይችላል? (የቡድን መሪ)

መልስ፦ ለሐዘናችሁ መጽናናትን እመኛለሁ። በከፊል ሊያዘጋጅ ይችላል፤ ብዙ አሠልጣኞችም ወጣቶቹን ላለማስፈራት ይህን ርዕስ ይዘሉታል፤ መዘለል ግን የለበትም። ለአንድ ሰው የሚደረግ ዘመቻ ሊሸነፍ እንደሚችል ሠልጣኞች በግልጽ ይነገራቸው። ማንም ሰው አንድን ጉዳይ ብቻውን አይያዝ፤ ቢያንስ ሁለት ሆነው ይያዙት። ፍርዱ ሊፈጸም በሚችልበት ቀን ማን የት እንደሚሆን፣ በማግሥቱም ማን ማንን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይወሰን። በማግሥቱ የሚሠራ ሥራም ይኑር፦ ለፍርደኛው ቤተሰብና ለጠበቃው ደብዳቤ መጻፍ፣ የተሞከረውን ሁሉ መዝግቦ ለሚቀጥለው ጉዳይ ማስቀመጥ።

የረጅሙን ጊዜ ስሌትም አሳዩአቸው። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ1977 በስቶክሆልም ጉባኤ ቅጣቱን በሙሉ በሚቃወምበት ጊዜ ለሁሉም ወንጀሎች ያስቀሩት አገሮች 16 ብቻ ነበሩ፤ በ2024 መጨረሻ 113 ደርሰዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፍርዶቹ እንዳይፈጸሙ እንዲታገዱ በ2007 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥ 104 አገሮች ደገፉት፤ በ2024 ደጋፊዎቹ 130 ሆኑ። ይህ ቁጥር ለሞተው ሰው ምንም አይመልስለትም፤ ይህንንም ሳትሸሽጉ ንገሯቸው። በየዓመቱ ኦክቶበር 10 ቀን የሚታሰበው የሞት ቅጣት ተቃውሞ ዓለም አቀፍ ቀን ሲመጣ የዚህን ሰው ስም፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ፣ ከሟቹ ስም ጋር አንድ ላይ አንብቡት።

ለቀው የሄዱትን ሁለቱን አባላት በተመለከተ በዚህ ሳምንት ደውላችሁ እንዴት እንደሰነበቱ ጠይቋቸው። በዚያ ጥሪ ላይ ስለ ዘመቻው አታንሡባቸው፤ እንዲመለሱም አትለምኗቸው። በማኅበሩ መዝገብ ላይ ያለውን ስማቸውን ግን አትሰርዙ።